ፊት ወደ ግድግዳ

መምህሩ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩት ቆመው ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰው ቤት ገብተው ወንበር ሲሳብላቸው «ቆሜ ይሻለኛል» እያሉ ባለቤቱን ያስጨንቁ ነበር። በዚያች ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ግን ከልብስ ሰፊው ሱቅ በስተጀርባ ባለችው ክፍል፣ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፉ ሞተው ተገኙ። የተመቱት ከኋላ፣ ማጅራታቸው ላይ ነው። የመታቸው ከባድ ካውያ ገመዱ እንደተጠቀለለ እግራቸው ሥር ወድቋል። ካውያው የሰፊው ነው። ክፍሉም የሰፊው ነው። ሬሳውን ያገኘውም ሰፊው ራሱ ነው።

ኮማንደሩ ይህን በስልክ ሲሰማ በእሱ በኩል ጉዳዩ አለቀ።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰፊውን ይዘሽልኝ ነይ» አላት መርማሪዋን። «ባለፈው ቅዳሜ በሰው ፊት ‹ይህ ሰውዬ ካልሞተ አክሲዮናችን አይሸጥም› ብሏል። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረሽ?»

«መምህሩ ለምን እንደተቀመጡ» አለች።

ኮማንደሩ በረጅሙ ተነፈሰና ስልኩን ዘጋ። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት በከንቱ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት በሠራችበት ቤት ዕድገቷን ያስቀረባትም ይኸው ጥያቄ ነው ይባላል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ይቆጫታልም፤ ግን አልተወችውም።

ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ቀሚስ ሊያደርስ ሄዶ ነበር፤ ደንበኛዋን ግን ቤቷ አላገኛትም። ስለዚህ የሄደበትን የሚመሰክርለት ሰው የለም። መርማሪዋ ቁልፍ ማን ማን ጋ እንዳለ ጠየቀችው።

«ቁልፉ ደጃፍ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር ነው» አለ። «የአክሲዮኑ ማኅበርተኞች አምስታችንም እናውቃለን።»

ከዚያ በኋላ የነገራት ነገር ሲሰሙት የሚያናድድ ነው። የሱቁ ባለቤት ሱቁን ሊሸጥ ነው። ለሰፊው ቅድሚያ ሰጥቶት እስከ መጪው ሐሙስ ካልከፈለ ለሌላ ሰው ያስተላልፈዋል። ሰፊው ደግሞ ገንዘብ የለውም ማለት አይቻልም፤ ገንዘቡ አክሲዮን ውስጥ ነው። አክሲዮኑን ለመሸጥ የአምስቱም ሰዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። ዛሬ ከታሰረ ሱቁም ሄደ፣ እሱም ሄደ።

አምስቱ ሰዎች የማኅበር አክሲዮን የገዙት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የገዙት ባንኮችንና መሥሪያ ቤቶችን ከኮምፒውተር ሌቦች ከሚጠብቅ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ነበር። ስሙ ለአፍ ስለማይመች «ዘበኛው» አሉት። «ዘበኛው ዛሬ ስንት ገባ?» ይባባላሉ። «ሌባ እስካለ ድረስ ዘበኛ ሥራ አይፈታም» ብለው ያስገዟቸው መምህሩ ናቸው። ዋጋው ወጣ፣ ወጣ፣ ጣራ ነካ። ከዚያ አንድ ተፎካካሪ ኩባንያ መጣና ዘበኛው ቁልቁል ይንሸራተት ጀመር። ይኸው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይጨቃጨቃሉ። ሰፊው፣ ነርሷና የመምህሩ የእህት ልጅ «እንሽጥ» ይላሉ። መምህሩና የታክሲ ሹፌሩ «አይሸጥም» ይላሉ።

ሰው ዘበኛ የሚቀጥረው ሌባ ፈርቶ ነው። እነዚህ ግን የዘበኛ ኩባንያ ከገዙ በኋላ እርስ በርስ ተፈራሩ። የሒሳባቸውን የይለፍ ቃል ለአምስት ከፈሉት፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ ብቻ ያውቃል። በየሦስት ወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ወይም ለመሸጥ ሲስማሙ፣ በሰፊው ጓዳ ይሰበሰባሉ። አንዱ ኮምፒውተሩ ጋ ሄዶ ቁራጩን ሲጽፍ፣ የተቀሩት አራቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ያ ሲጨርስ «ጨርሻለሁ» ይላል፤ ሌላው ይተካል። ምናልባት አንድ ሰው ቢሞት ተብሎ የእያንዳንዱ ቁራጭ በታሸገ ፖስታ እህት ልጅቱ ሱቅ ተቀምጧል። የሦስት ወሩ መክፈቻ ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።

«የሱቁን ቁልፍ አበባ ሥር ታስቀምጣላችሁ፣ የይለፍ ቃሉን ግን ለአምስት ትቆርጡታላችሁ» አለች መርማሪዋ።

«ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ነው ያለው» አለ ሰፊው።

መርማሪዋ ወደ ጓዳው ተመለሰች። ክፍሏ ትንሽ ናት። መሐል ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ ኮምፒውተር። የሚጽፈው ሰው ጎኑን ለግድግዳው ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ኪቦርዱ ላይ የሰፊ ጠመኔ አለ፤ ወድቆ አይደለም፣ ሰባት ቁጥር ላይ ተስተካክሎ ተቀምጧል። አብሯት የመጣው ሳጅን ሰፊው የረሳው ነው ብሎ ሊያልፈው ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አየችው፤ እንዳይነኩትም ከለከለች።

ቀጥሎ መነጽሩን አየች። መምህሩ ሁለት መነጽር አላቸው። የማንበቢያው ደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ ማኅደሩ ውስጥ ነው። ዓይናቸው ላይ ያለው የሩቁ ነው። ከፊታቸው ያለው ግድግዳ ግን ቀና ብለው ቢቀመጡ እንኳ ከአፍንጫቸው ሁለት ስንዝር ቢርቅ ነው።

«ግድግዳ ለማየት የሩቅ መነጽር ለምን ያደርጋሉ?» አለች ለራሷ።

ከራሳቸው በላይ የአክሲዮኑ ምስክር ወረቀት በመስታወት ፍሬም ተሰቅሏል። ፍሬሙ ትልቅ ነው፤ ወርቃማ ቅብ አለው፤ የላይኛው ጠርዙ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ወደ ፊት አጎንብሷል። ሳጅኑ ከጎረቤት መሰላል ተውሶ ወጣና እጁን ከኋላው ሰደደ። ተጣጥፎ የተወሸቀ ጥቁር የጎማ ቁራጭ አገኘ፤ በአንድ በኩል መስመር መስመር አለው። ላዩ ላይ ያለው አቧራ ወፍራም ነበር። ማንም ይሁን ማን፣ ያንን የወሸቀው ዛሬ ወይም ትናንት አይደለም።

መጨረሻ ላይ ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ወጣች። የመጨረሻው ገጽ ላይ በዚያ በሚታወቀው ቀጥ ያለ የመምህር ጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ ሰፍሯል፦ «ሰባት መሆኑን በምን አወቀ?»

ሳጅኑ ይህን ለኮማንደሩ በስልክ ነገረው። ኮማንደሩ ደስ አለው። ሰባት ማለት ሰፊው ተመልሼበታለሁ ያለው ሰዓት ነው፤ ሟቹ ገዳያቸውን ጽፈው ሄደዋል፤ አለቀ፤ አምጡት። ሟቹ ሳይሞቱ የሚገኙበትን ሰዓት እንዴት ሊጽፉ ቻሉ ብላ መርማሪዋ ብትጠይቅ፣ «አንቺና ለምንሽ!» ብሎ ጮኸባት።

የመምህሩ እህት ልጅ ፎቶኮፒ ቤት አላት። አጎቷን ስታነሳ ታለቅሳለች፤ ስትጨርስ ወረቀት ትደረድራለች፤ እንደገና ታለቅሳለች። አምስቱንም ፖስታ ከተቆለፈ የብረት መሳቢያ አውጥታ አሳየች። በእሽጉ ላይ የተፈረመው ፊርማ አልተነካም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ቀለም ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ተናገረች።

«አጎትሽ ዛሬ ደውለውልሽ ነበር?»

«አራት ሰዓት ላይ። ‹ዛሬ እንዳትጨቃጨቁ፤ ተሸንፌያለሁ› አለኝ። የሰፊውን የሱቅ ነገር ትናንት ነው የሰማው። ‹ይሄን ሁሉ ቅዳሜ ለምን አልነገረኝም፣ እኔ እኮ ሰው ነኝ› እያለ ነው ያዘነው።»

«ለሌሎቹ ነገርሽ?»

«አትንገሪ አለኝ። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ለሹፌሩ ብቻ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ፣ ብቻውን ጥዬው የሄድኩ እንዳይመስለው አለኝ።»

እንግዲህ መምህሩ ሊሸጡ ተስማምተው ነበር። «አይሸጥም» ስላሉ ነው የተገደሉት ብሎ ነገሩን ያሰረው ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው መፍታት አለበት። መርማሪዋ ከፎቶኮፒ ቤቱ ስትወጣ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ብስጭቷን ሳጅኑ ከአረማመዷ አወቀና ተከተላት።

ነርሷ ክሊኒኩ መድኃኒት ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን እዚሁ ነበርኩ ትላለች። ምላሷ ስለታም ነው። ማኅበሩን ጀምራ አራግፋ ጨረሰችው። ዘበኛው ጣራ ሲነካ እንሽጥ ብትል «ሲስተር፣ አንቺ መርፌ ላይ ነው የምታውቂው» ተብላለች። ሲወርድ እንሽጥ ብትል «ይመለሳል» ተብላለች። እግሯ አብጦ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆማ የምታገኘው ገንዘብ ወረቀት ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

«ያንን ፍሬም ማን ነው ያሠራው?»

«ፍሬቻ ነዋ፤ በራሱ ገንዘብ። እንዲህ አይነት ነገር ላይ ቸር ነው።»

ፍሬቻ የምትለው ሹፌሩን ነው። መኪና በሌለበት መንገድ ላይ እንኳ ፍሬቻ ሳያሳይ ስለማይታጠፍ የወጣለት ስም ነው።

«ደግሞ ሆዴን የሚያስቀው እሱ ብቻ ነው» አለች ነርሷ፣ ድምፅዋ ትንሽ ለስልሶ። «የዛሬ ሦስት ወር ስንከፍት የእኔን ቁራጭ ተሳስቼ ጻፍኩና ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። እሱ እዚያው ግድግዳው ሥር ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ዞር እንኳ ሳይል፣ ‹ሲስተር፣ ሰባትን እኮ ደገምሽ› አለኝ። እውነትም ደግሜያለሁ። ሳቅንበት። በሹፌር ጆሮ ድምፁን ቆጥሮ ነው ተባባልን።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለምን ይቀመጣል?»

«ወገቡ። ሃያ ዓመት መሪ ይዞ ምን ወገብ ይኖረዋል። እኛ ስንቆም እሱ ያችን ዝቅ ያለች ወንበር ይስባል።»

«መምህሩ ሲስቁ አይተሻል?»

ነርሷ አሰበች። «አሁን ሳስበው... እሳቸው አልሳቁም።»

ሹፌሩን ያገኙት ከአንድ ጋራዥ ፊት ለፊት ታክሲው ውስጥ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ከመኪናው ወርዶ ሊያወራ ሲል ወገቡን ያዘ፤ መርማሪዋ «ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» ብላ እሷ በተከፈተው በር በኩል ቆመች። መምህሩን ስድስት ሰዓት ላይ ሰፊው ሱቅ ማዕዘን ላይ እንዳወረዳቸው፣ ከዚያ መንገደኛ ይዞ ወደ መናኸሪያ እንደሄደ ነገራት። መንገደኛውን አያውቀውም።

«ለምን ሁለት ሰዓት ቀድመው ሄዱ?»

«ኮምፒውተሩን ላየው ነው አሉ። ሌላ አልነገሩኝም።»

«ስለ አክሲዮኑ መሸጥስ ምን አሉ?»

«መምህርና መሸጥ? ‹አንተና እኔ ጸንተን እንቆማለን› ነው ያሉኝ። የመጨረሻ ቃላቸው እሱ ነው።» እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። «አሁን እኔ ብቻዬን ቀረሁ።»

ሐዘኑ የውሸት አልነበረም፤ ይህን መርማሪዋም አየች። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ገዳይ አያለቅስም የሚል ሕግ የለም። እህት ልጅቱ ካልዋሸች እሱ ዋሽቷል። ዓይኗ ወደ እግሩ ወረደ። ከሹፌሩ እግር ሥር ያለው ጥቁር የጎማ ምንጣፍ መስመር መስመር ነው። በበሩ በኩል ያለው ማዕዘኑ በምላጭ ተቆርጧል፤ ቁራጩ የእጅ መዳፍ ያህል ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሰፊው ሱቅ እንዲገኝ፣ የማኅበሩንም ስልክ ይዞ እንዲመጣ ነገረችው። የማኅበሩ ስልክ ከአክሲዮን አሻሻጩ ድርጅት መልዕክት የሚመጣበት ነው፤ መኪናው ውስጥ ሁሌ ቻርጅ ስለሚደረግ እሱ ጋ ነው የሚቀመጠው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ጓዳው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነሥቷል፤ ወንበሯ ግን እዚያው ናት፤ ማንም አልቀረባትም። ኮማንደሩም በራሱ እግር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ የእጅ ሰንሰለት ለሳጅኑ አስይዞታል። ሰፊው ሰንሰለቱን ሲያይ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሱቁን የዘጋ ያህል ነበር።

«ሁሌ እንደምታደርጉት አድርጉ» አለች መርማሪዋ። «በየቦታችሁ ቁሙ። የሹፌሩን ወንበር ግን ዛሬ እኔ እፈልጋታለሁ።»

«ወገቤን...» አለ ፍሬቻ።

«ለትንሽ ደቂቃ ነው።»

ዝቅ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ነርሷን ኮምፒውተሩ ጋ ሄዳ የራሷን ቁራጭ ሳይሆን እንደመጣላት ስድስት ቁጥሮች እንድትጽፍ ነገረቻት። ነርሷ ግራ ገብቷት ጻፈች። ሦስቱ ግድግዳውን ያያሉ። ኪቦርዱ ስድስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አለ።

«አራት» አለች መርማሪዋ ሳትዞር። «ዘጠኝ። ሁለት። ሁለት። ስምንት። ሰባት።»

ነርሷ እጇን ከኪቦርዱ ላይ እንደ ትኩስ ብረት አነሳች።

«አንድ ሰው ቆሞ ይህን ፍሬም ቢያየው ወረቀቱንና የራሱን ደረት ነው የሚያየው» አለች መርማሪዋ እየተነሣች። «እዚህ ዝቅ ብሎ ቀና ያለ ግን የጠረጴዛውን ላይ ያያል፤ ፍሬሙ ከላይ አጎንብሷልና። ያጎነበሰውም በራሱ አይደለም። ከኋላው የጎማ ቁራጭ ተወሽቋል፤ የወራት አቧራ ለብሷል። መምህሩ አርባ ዓመት ቆመው የኖሩ ሰው ለምን ተቀመጡ? ይህን ሊፈትኑ ነው። ጠመኔ አንስተው ሰባት ቁጥር ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው የሩቅ መነጽራቸውን አደረጉ። መስታወት ውስጥ ያለ ነገር ቅርብ ቢመስልም ርቀቱ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ነው፤ የሒሳብ መምህር ይህ አይጠፋውም። ጠመኔውን አዩት።»

«ሰባት ለምን?» አለ ኮማንደሩ። በዕለቱ «ለምን» ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ሲስተር፣ የዛሬ ሦስት ወር ሲሳሳቱ ምን ተባሉ?»

ነርሷ ፊቷ ተለወጠ። ወደ ፍሬቻ ዞረች። «ሰባትን ደገምሽ» አለች ቀስ ብላ።

«የተመታውን ቁልፍ ብዛት በጆሮ መቁጠር ይቻላል። አንድ አበዛሽ ማለት ይቻላል። ሰባት ነው ለማለት ግን ማየት ያስፈልጋል። እናንተ ሳቃችሁ። መምህሩ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ አሰቡበትና ደብተራቸው ላይ ‹ሰባት መሆኑን በምን አወቀ?› ብለው ጻፉ። ወንበሯን የሚስበው አንድ ሰው ነው። ፍሬሙን ያሠራው አንድ ሰው ነው። የጎማው ቁራጭ የተቆረጠበት የመኪና ምንጣፍም የዚያው ሰው ነው። ዛሬ ቁራጩን ለማውጣት ደግሞ ወንበሯ ላይ መውጣት ነበረበት፤ ወንበሯ ላይ መምህሩ ነበሩ።»

ሰፊው ወደ ፍሬቻ ጠቆመ። «እሱ እኮ የመምህር ወገን ነው» አለ። «አይሸጥም የሚለው እሱ ነው። ሊሸጡ ከተስማሙ...»

«አይሸጥም የሚለው ለምን እንደሆነ እናንተው ክፈቱና እዩት» አለች።

የመምህሩ ፖስታ ተቀደደ። እህት ልጅቱ የአጎቷን ቁራጭ ጻፈች፤ ጣቷ ሁለቴ ተሳሳተ። የራሷን አስከተለች። ሰፊው ጻፈ። ነርሷ ጻፈች። የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላም አንዱ ሲጽፍ ሌሎቹ ሳይታዘዙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ልማድ ክፉ ነው። የቀረው የፍሬቻ ቁራጭ ብቻ ነው።

ፍሬቻ ከግድግዳው አልተነቃነቀም።

«አትድከሙ» አለ ፊቱን ሳይመልስ። «የለም። ከሸጥኩት አሥራ አንድ ሳምንት ሆኖታል።»

ነርሷ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር፤ ቅዳሜዎቹን ትቆጥራለች። አሥራ አንድ ቅዳሜ ተሰድበዋል፤ ተኮራርፈዋል፤ ሰፊው የሰው ሞት እስኪመኝ ደርሷል። የተጣሉት ደግሞ ስለሌላቸው ነገር ነው።

ከዚያ ተናገረ። ሲጀምር ፍሬሙን ያጎነበሰው ለማየት ያህል ብቻ ነበር፤ ማን ያውቃል ይጠቅም ይሆናል ብሎ። ዘበኛው ጣራ ሲነካ መውረዱ አይቀርም ብሎ ሸጠው፤ መልዕክቱ የሚመጣው እሱ እጅ ባለው ስልክ ነው። ሐሳቡ ዋጋው ሲወርድ መልሶ ሊገዛና ትርፉን ለራሱ ሊያስቀር ነበር፤ ለእነሱ አክሲዮናቸው በቁጥሩ ይመለስላቸዋል፤ ማንም አይጎዳም። እስከዚያው ብሩ ሥራ እንዳይፈታ ብሎ መለዋወጫ ለሚያስመጣ ዘመዱ አበደረው። ዕቃው ወደብ ላይ ተያዘ፤ እስካሁንም እንደተያዘ ነው።

«ዋጋው ግን እንዳልኩት ወረደ» አለ። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረበት፤ ነርሷን ከሁሉ ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

«መምህሩስ?» አለች መርማሪዋ።

«መኪና ውስጥ ሊሸጡ እንደወሰኑ ነገሩኝ። ዛሬ የመክፈቻው ቀን ነው፤ የኮምፒውተሩን ገመድ በጥሼ ቀኑን አሳልፈዋለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ከዚያ ሲወርዱ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ‹ለመሆኑ ያኔ ሰባት መሆኑን በምን አወቅህ?› አሉኝ። ሳቅሁ። ዞሬ ተመለስኩ። ስገባ ወንበሬ ላይ ተቀምጠዋል። ካውያውን ሳነሣ በመስታወቱ አዩኝ። አልዞሩም። ‹ና ግባ፤ ለሌሎቹ ሳንነግር መላ እንፈልግለታለን› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን?»

መርማሪዋ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንዳለችው አይታወቅም፤ እንደዚህ መልስ የፈለገችበት ጊዜ ግን አልነበረም። ፍሬቻ ግድግዳውን እያየ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ለሳጅኑ ሰጠ።

ኮማንደሩ እስረኛውን ይዞ ሄደ። ሰፊውን ይቅርታ አልጠየቀውም፤ በአጠገቡ ሲያልፍ ግን ዓይኑን ሰበረ። ሳጅኑ ፍሬሙን ከነምስክር ወረቀቱ ለማስረጃ አወረደው። ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ።

እህት ልጅቱ ባዶውን ፖስታ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ነርሷ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰፊው መሳቢያውን ከፍቶ ሜትሩን አወጣና መልሶ አንገቱ ላይ አደረገው፤ ከዚያ የሚይዘው ሲያጣ እጁን አጣመረ። ሐሙስ አምስት ቀን ቀርቶታል። ስለ ሐሙስ ማንም አላነሳም።

«ኢንስፔክተር» አለ፣ «ካውያዬ መቼ ይመለስልኛል?»

«ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ።»

«ዓመት ይሆናል?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ሰኞ የሚወስዷቸው ሦስት ሱሪዎች አሉኝ» አለ። ቅሬታ አልነበረም፤ የሚሠራውን መናገሩ ነው።

ነርሷ ጫማዋን እያጠለቀች ሳታየው ተናገረች። «ቤቴ አንድ ካውያ አለኝ። ትንሽ ናት፤ ግን ትሞቃለች። ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አመጣልሃለሁ። ያኔ ሱቁ ውስጥ ከሌለህስ?»

«ቁልፉ ቦታው ነው» አለ ሰፊው። «አበባው ሥር።»

መርማሪዋ ስለ ቁልፉ ልትናገር አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችውና ደብተሯን ዘጋች።